ከልጆች ጋር ጓሮ ስታለሙ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባሕር ዳር ላይ መዳፍ የምታህል ጓሮ እንኳ ብዙ ታበላለች። ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ማንጎውም ቆስጣውም አንድ ግቢ ውስጥ ይበቅላል። አባይ ማዶ ባለው ቤታችን ግን በመጀመሪያው ክረምት የተረፈልን ጥቂት ጎመን ብቻ ነበር። ልጆቹ ተግተው ነበር፤ የተሳሳትነው እኛ ነን።

መጀመሪያ የተሳሳትነው በሐምሌ ደልዳላ መሬት ላይ በመዝራት ነው። ጥቁር አፈር ውሃ ይቋጥራል፣ ሥር አየር አጥቶ ይበሰብሳል፣ ቅጠል ቢጫ ይሆናል። እኛም ውሃ የጠማው መስሎን ጨመርንለት! መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፣ ዙሪያውንም ቦይ አውጡለት። ስፋቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። የልጅ እጅ ከዳር ሆኖ መሃሉን ካልደረሰ ልጁ መደቡ ላይ ይወጣል፤ የተረገጠ አፈር ደግሞ ይጠጥራል።

ሁለተኛው ለልጅ ካሮት መስጠት ነው። ዘሩ ደቃቅ ነው፣ ለመብቀል ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፣ ለመነቀል ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል። ትንሿ ልጄ «እማዬ፣ ሞቶ ነው እንዴ?» እያለች በየማለዳው አፈሩን ትጭር ነበር። ለእነሱ ቦሎቄ ወይም ወጥ ቤት የተረፈ የዱባ ዘር ስጧቸው። ለትንሽ ጣት ይመቻል፣ በሳምንት ገደማም ብቅ ይላል።

ትኩስ ፍግ ሰላጣ ላይ አትበትኑ። ሥሩን ያቃጥላል፣ ጥሬውን ለሚበላ ልጅም በሽታ ይዞ ይመጣል። ቢያንስ ሦስት ወር ተከምሮ በደንብ ይብላላ።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ልጅን ባልዲ አስይዞ ወደ ጣና ዳር መላክ ነው። ቢልሃርዚያ የሚባለው በትል የሚመጣ በሽታ በሐይቁ ዳርቻ አለ። ትሏ ቀንድ አውጣ ውስጥ ተራብታ ወደ ውሃው ትወጣለች፣ ከዚያ የሰው ቆዳ ሰርስራ ትገባለች፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልግም፣ እግር መንከር ይበቃታል። የቧንቧ ወይም ከጣሪያ የተጠራቀመ ውሃ ተጠቀሙ። ከሐይቁ ሌላ አማራጭ ከሌለ ቦት ጫማ ያደረገ አዋቂ ይቅዳ፣ ውሃውም ቀንድ አውጣ በሌለበት በርሜል ሁለት ቀን ይቀመጥ፤ ትሏ ከዚያ በላይ ሰው ሳታገኝ አትቆይም። በርሜሉን ክደኑት፣ አለዚያ ትንኝ ይራባበታል። ይህ ግን ለማጠጣት ብቻ ነው። የሚበላውን ሰላጣ በንጹሕ ውሃ እጠቡት።

እንቦጭ ለጓሮ አፈር ማልበሻ ብሎ ማምጣትም ስህተት ነው። ሐምራዊ አበባው ልጆችን ይማርካል፣ ሳህን ውስጥ ሊያሳድጉት ይፈልጋሉ። ቁራጩ ብቻውን ይራባል፣ ዘሩም ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ከግቢያችሁ የወጣ ጎርፍ መልሶ ወደ ውሃ ሊወስደው ይችላል። ጣና እስካሁን የደረሰበት ይበቃዋል።

የተባይ መድኃኒት በሃይላንድ ጠርሙስ ቀንሶ ማስቀመጥን ጨርሶ እርሱት፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ጎመን ላይ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) ከወጣ በቀጭኑ የተበጠበጠ የሳሙና ውሃ ቅጠሉን ገልብጣችሁ እርጩበት። አባጨጓሬውን ልጆቹ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይጠነክር፣ በእንጨት ይልቀሙት። አጥሩ ሥር ጉሎ ከበቀለ ግን እናንተው ንቀሉት። ዝንጉርጉር ፍሬው መጫወቻ ይመስላል፣ ታኝኮ ከተዋጠ ግን ይገድላል።