የስልክ ባትሪ ተቀይሮም ቻርጅ አልቆይ ሲል

ብራይትነስ መቀነሱን፣ ቻርጀር መቀየሩን፣ አጥፍቶ ማብራቱን ሞክራችሁታል ብዬ ልጀምር።

30 በመቶ ላይ ድንገት ጥፍት ይላል፦ ባትሪው አርጅቷል፣ ይቀየር። ግን የምትገዙትን አንብቡ። የአይፎን 11 ባትሪ ከፋብሪካ ሲወጣ 3110 ሚሊአምፒር-ሰዓት ነው። በዚያው መጠን 4200 የሚል ከመጣላችሁ የጨመረው ስቲከሩ ላይ ያለው ቁጥር ነው።

ስክሪኑ ከጎን ተነስቷል፦ ባትሪው አብጧል። ቻርጅ አታድርጉት። በጣት ተጭናችሁ አትመልሱት። ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ግማሽ ቀን አይቆይም፣ ኪስ ውስጥ ይሞቃል፣ ኔትወርክ ይመጣል ይሄዳል፦ በየሳምንቱ የሚመጣብኝ ይሄ ነው።

አንዲት ልጅ አይፎን 11 ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ሁለቴ ባትሪ ቀይሬያለሁ፣ ያው ነው» አለችኝ። ስልኩን ወንድሟ ከሜሪላንድ ነው የላከላት። ሴቲንግ ገብቼ ባትሪ የሚለውን ከፈትኩ። ቲክቶክ አንደኛ ይሆናል ብዬ ነበር። ከላይ የተቀመጠው ግን «ኖ ሴል ከቨሬጅ» (ኔትወርክ የለም) የሚለው ነው። የሲም ማስገቢያውን በመርፌ ሳወጣው ከሲሙ ሥር እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳች ወርቃማ ነገር ተለጥፋለች። ቺፕ! ሁለት ሱቅ ባትሪ ሲሸጡላት አንዳቸውም ይህችን አላዩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስልኩ ለአሜሪካው የኔትወርክ ኩባንያ የተቆለፈ ነው። ቺፗ የኛን ሲም የዚያ ኩባንያ ሲም አስመስላ ታሳልፋለች። ማታለሉ በተሰናከለ ቁጥር ስልኩ ኔትወርክ ፍለጋ ይወጣል፤ ፍለጋ ደግሞ ባትሪ ይበላል። ለማረጋገጥ አንድ ሌሊት ኤርፕሌን ሞድ ላይ፣ አንድ ሌሊት እንዲሁ አሳድሩትና ጠዋት አወዳድሩ። የሷ በመጀመሪያው ሌሊት 3 በመቶ ወረደ፣ በሁለተኛው 41።

መፍትሄው ሌላ ቺፕ አይደለም። በየሶፍትዌር አፕዴቱ ኔትወርኩ እየጠፋባችሁ ስትመላለሱ ትኖራላችሁ። መቆለፊያውን በትክክል የሚከፍተው የቆለፈው ኩባንያ ብቻ ነው። የስልኩ ዕዳ ተከፍሎ ማለቅ አለበት፣ ኩባንያው የሚጠይቀው ቀን መሙላት አለበት፣ ብዙ ጊዜ ጥያቄውንም የሚያቀርበው አካውንቱ በስሙ ያለው ሰው ነው። «በኮድ ከፍቼ እሰጥሃለሁ» የሚላችሁን እለፉት።

ከመግዛታችሁ በፊት ሴቲንግ፣ ጄኔራል፣ አባውት ግቡና ወደ ታች ውረዱ። ኬሪየር ሎክ ከሚለው ጎን «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» (የሲም ገደብ የለም) ካልተጻፈ ብራችሁን አታውጡ። ሻጩ «ይሠራል» ብሎ ደውሎ ቢያሳያችሁም አታውጡ! ቺፕ ያለበትም ይደውላል። የራሳችሁን ሲም አስገቡና ከሥሩ የተለጠፈ ነገር አለመኖሩን በዓይናችሁ እዩ። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ አሜሪካ የተሸጡት አይፎን 14 እና ከዚያ በኋላ ያሉት የሲም ማስገቢያ እንኳ የላቸውም፣ በኢሲም (ስልኩ ውስጥ በተሠራ ሲም) ብቻ ነው የሚሠሩት። የተቆለፈ ሳምሰንግ ደግሞ የሌላ ኩባንያ ሲም ሲገባበት ብዙ ጊዜ አንሎክ ፒን (የመክፈቻ ቁጥር) ይጠይቃል። በግምት አትነካኩት፣ የሙከራው ቁጥር የተወሰነ ነው።

የልጅቷ ወንድም ለካ ስልኩን በየወሩ እየከፈለ ነበር የወሰደው። ቀሪውን ጨርሶ አስከፈተላት። ቺፗን አውጥቼ ሰጠኋት፤ አሁን እስከ ማታ ይቆይላታል። ከስልኩ ጋር የመጣው ኦሪጅናል ባትሪ ግን የመጀመሪያው ሱቅ ቀርቷል።