ተደፍኖ የሚተነፍስ ጎማ፣ የሚንጫጫ ካቴና፦ ለጀማሪ ሳይክል ነጂ

ባሕር ዳር ሳይክል መንዳት በጀመርኩ ሰሞን የኋላ ጎማዬን በአንድ ሳምንት ሦስት ጊዜ አስደፈንኩ። ማታ ጠንክሮ አስቀምጠዋለሁ፤ ጠዋት ቸርኬው (ጎማው የሚለብስበት የብረት ክብ) መሬት ነክቶ አገኘዋለሁ። በአራተኛው ቀን ራሴ ከፍቼ የጎማውን ውስጥ በጣቴ ስዳብስ ወጋኝ፤ የግራር እሾህ ጫፍ። ሦስቱንም ጊዜ ቀዳዳው ሲደፈን እሾሁን ያየው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማስቲሽ ከማንሳቴ በፊት ቀዳዳው የት እንዳለ አያለሁ።

ጎማው እየደጋገመ ይተነፍሳል

መጀመሪያ የቫልቩን አፍ ምራቅ ቀቡት። አረፋ ካወጣ ጥፋቱ የቫልቩ ነው፤ ውስጡን ማጥበቅ ወይም መቀየር ይበቃል። ደህና ከሆነ ካላማዳሪያውን (አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ) ስታወጡ በቀኝ በኩል የነበረውን ጎን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ነፍታችሁ ሳፋ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ቀዳዳው ሲገኝ፣ ምልክቱንና ቫልቩን ይዛችሁ ጎማው ላይ ትይዩውን ቦታ ታገኛላችሁ።

ቀዳዳው በመንገዱ በኩል ከሆነ እሾህ፣ ሚስማር ወይም የጠርሙስ ስባሪ ነው። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ጥረጉት፤ ጨርቁን የሚይዘው ቦታ እሱ ነው። በጣት አትሞክሩት፣ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ሁለት ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ካገኛችሁ ግን እሾህ አትፈልጉ። አየር አንሶት የኮብልስቶን ጠርዝ ወይም ጉድጓድ ስትመቱ፣ ካላማዳሪያው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጧል። መድኃኒቱ ፖምፓ ነው። የሚበቃው ልክ ጎማው ጎን ላይ በፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) ተጽፏል፤ ከኋላ ሰው ወይም ዕቃ የምትጭኑ ከሆነ ወደ ከፍተኛው ቁጥር ተጠጉ።

ቀዳዳው በቸርኬው በኩል ከሆነ የራጂ (ቸርኬውን ከመሃሉ ጋር የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ) ጫፍ ወግቶታል። ቸርኬውን ዙሪያውን የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቷል ወይም ጠፍቷል። ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጦ ማልበስ ይቻላል። በቫልቩ ግርጌ የተቀደደውን ግን አትድከሙበት፣ ቀይሩት። ቫልቩ ተጋድሞ ስታዩት አየር አጥሮት ጎማው እየተንሸራተተ ነው፤ ሳይቀደድ ንፉት።

አደፋፈኑ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው በችኮላ ነው። ከመለጠፊያው ሰፋ አድርጋችሁ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡና ሲነካ ጣት የማይዝ እስኪሆን ጠብቁ። እርጥብ እያለ የተለጠፈ ይነሳል።

ካቴናው ይንጫጫል፣ ይዘላል፣ ይወልቃል

የሚንጫጫ ካቴና ደርቋል። ግን የተቃጠለ የሞተር ዘይት አታፍስሱበት፤ ዘይቱ አቧራ ይዞ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላዋል። በላምባ በራሰ ጨርቅ ጥረጉት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ስስ ዘይት (የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ይሆናል) በየመገጣጠሚያው ጠብታ ጠብታ አድርጉ። ጥቂት አዙሩና ከላይ የቀረውን ጥረጉ። ዘይቱ የሚፈለገው ውስጥ ነው።

ዳገት ላይ ረገጥ ስታደርጉት የሚዘል ከሆነ አልቋል። ከአንድ ፒን መሃል ተነስታችሁ 24 ክፍተት (ከፒን እስከ ፒን አንድ ብላችሁ) ቁጠሩና በማስመሪያ ለኩ። አዲስ ካቴና 30.5 ሳ.ሜ. ያህል ነው። 30.6ን ሲያልፍ መቀየር ነው፤ 30.8 ከደረሰ የኋላውንም ጥርስ በልቶታል፣ አዲስ ካቴና ብቻ ብትገዙ መዝለሉን አይተውም።

ማርሽ የሌለው ሳይክል ካቴና የሚወልቀው ስለላላ ነው። የኋላውን ዳዶ አላልታችሁ ጎማውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ካቴናው መሃሉ ላይ ስትነኩት አንድ ሳ.ሜ. ያህል ከፍ ዝቅ ይበል፣ ጎማውም አይጣመም።

ፍሬኑ ይጮኻል፣ አይዝም

ቸርኬው ላይ ዘይት ነክቷል፤ ብዙ ጊዜ ካቴናውን የቀባው እጅ ነው። ቸርኬውን በሳሙና እጠቡ፣ የፍሬን ጎማውን ፊት ፈግፍጉ። መስመሮቹ ጠፍተው ከለሰለሰ ቀይሩት። እጀታው ተጨምቆ ማንቡርዮውን የሚነካ ከሆነ ሽቦው ላልቷል፣ ሳቡት። የፍሬን ጎማው ቸርኬውን ብቻ ይንካ፤ ወደ ላይ ከወጣ የጎማውን ጎን ይበላል።

በእያንዳንዱ እርግጫ ቋ ይላል

ፔዳሉ ወይም ክንዱ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ብረት) ላልቷል። ዛሬውኑ አጥብቁት፤ ላልቶ የተነዳ ክንድ ቀዳዳው ይሰፋና ከዚያ በኋላ ቢጠብቅም አይይዝም። የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ ለመፍታት ወደ ቀኝ፣ ለማጥበቅ ወደ ግራ ይዞራል። ይህን ሳላውቅ ስፈታ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ሳጠብቅ ቆይቻለሁ።