ዳገት ላይ የሚፈላ ሞተር

ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሽቅብ የነዳ ሰው ያውቀዋል። የሙቀት ጠቋሚው ወደ ቀዩ ይሮጣል። የወንድሜ ዶልፊን ሚኒባስም በዚያ ዳገት የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስ ሥር ያለውን ማሸጊያ፣ እያቃጠለ አስቸገረን። ጋራዡ አዲስ ይገጥማል፣ ሒሳብ ይቀበላል። ለምን ተቃጠለ ብሎ የጠየቀ ግን የለም።

ዋናው ጣጣ የራዲያተር ክዳኑ ነበር። ደብረ ማርቆስ ከፍታው ወደ 2,400 ሜትር ነው፤ እዚህ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት አምቆ ሲይዝ ነው የመፍያው ሙቀት ከፍ የሚለው። የኛው ክዳን ሞላ (ስፕሪንግ) ልል ብሏል። ስለዚህ ሞተሩ ገና ደህና ሙቀት ላይ እያለ ውሃው እየፈላ ይወጣ ነበር።

የውሃውን መንገድ እንደ ሙቀቱ የሚከፍተውና የሚዘጋው ቴርሞስታትም "እንዲቀዘቅዝ" ተብሎ ድሮ ተነቅሏል። ይህ ነገር የተለመደ ነው፣ ግን አይረባም። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲሞቅ የማለፊያውን ቀዳዳ ይዘጋል። ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

ቴስታታውን ቶርኖ ቤት ወስደን ስንጥቅ አስፈተሽን፣ ፊቱን አስላግን። ቦሎኖቹ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ የቶርክ ቁልፍ ጠበቁ። በክንድ ግምት የጠበቀ ቴስታታ አላምንም። ራዲያተሩ ታጠበ፣ ኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ገባ። ጥቁር ጭስ ስለነበረው የናፍጣ ፓምፓውንም አስተካከልን፤ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የበዛ ናፍጣ ትርፉ ጭስና ሙቀት ነው።

አሁን ሙሉ ጭኖ ይወጣዋል። ክዳን ስትገዙ ላዩ ላይ የተጻፈው የግፊት ቁጥር መኪናው ከሚጠይቀው ጋር አንድ መሆኑን እዩ።