የጠፈር ጣቢያው ከባሕር ዳር አልታይ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ እየበረረ ምድርን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይዞራል። ከምድር ወገብ በሰሜንም በደቡብም እስከ 51.6 ዲግሪ ስለሚደርስ ባሕር ዳርን አይዘላትም፤ ያለ መነጽርም በዓይን ይታያል። «ወጥቼ ጠበቅሁ፣ ምንም የለም» የሚል ሰው ግን አይጠፋም። ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ የሰማዩ ሳይሆን የሰዓቱ ነው።

ችግር፦ በተባለው ሰዓት ወጣሁ፣ ምንም አላለፈም

ምክንያት፦ ጣቢያው መቼ እንደሚያልፍ የሚተነብዩ መተግበሪያዎችና ድረ ገጾች ጊዜውን የሚጽፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። 19:12 ምሽት 1:12 መሆኑን ማንም ያውቃል፤ የሚያሳስተው የሌሊቱ ነው። በእነሱ ዘንድ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ይለወጣል። ስለዚህ «ማክሰኞ 05:10» ሲል ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ሌሊት 11:10 ማለቱ ነው። ማክሰኞ ማታ ተኝቶ ለዚያ ሰዓት የሚነሣ ሰው አንድ ቀን ሙሉ አልፎታል።

ሌላው ወጥመድ ይብሳል። ሄቨንስ አባቭ የተባለው ድረ ገጽ ቦታ ካልሞላችሁለት ዜሮ ኬክሮስና ዜሮ ኬንትሮስ ላይ፣ ማለትም ጊኒ ባሕረ ሰላጤ መካከል እንደቆማችሁ ይቆጥራል። የሚነግራችሁም ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን ዓለም አቀፍ ሰዓት ነው።

መፍትሄ፦ ባሕር ዳርን ሙሉ (11.6 ሰሜን፣ 37.4 ምሥራቅ)፤ የሰዓት ክልሉን የምሥራቅ አፍሪካ አድርጉ። «አዲስ አበባን ብሞላስ፣ ያው አንድ አገር አይደል?» አይባልም። ሁለቱ ከተሞች በቀጥታ መስመር 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። አዲስ አበባ ላይ በአናት የሚያልፈው እዚህ ከሰማዩ አጋማሽ ብዙም በላይ ላይወጣ ይችላል።

ችግር፦ ታየ፣ ግን ሰማይ መካከል ሲደርስ ጠፋ

ጣቢያውን የምናየው የፀሐይን ብርሃን ሲያንጸባርቅ ነው። እኛ ጨልሞብን እሱ ገና ፀሐይ ላይ ሳለ ይታያል፤ ወደ ምሥራቅ ሲገፋ የምድር ጥላ ውስጥ ይገባል። ቀላ፣ ደብዘዝ ይልና በጥቂት ሰከንድ ይሰወራል። ለእኔ ከትዕይንቱ ሁሉ የሚያምረው ይህ ስለሆነ መፍትሄ አልፈልግለትም። ንጋት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ ከጥላው ወጥቶ ከባዶ ሰማይ ድንገት ቦግ ይላል። እኩለ ሌሊት ላይ የሚፈልገው ሰው ግን በከንቱ እንቅልፉን ያጣል።

ችግር፦ ያየሁት እሱ ነው ወይስ አውሮፕላን?

ቀይና አረንጓዴ ብልጭ ድርግም ካለ አውሮፕላን ነው። ሆኖም ወደ ከተማዋ ማረፊያ ፊት ለፊት የሚመጣ አውሮፕላን መብራቱን አብርቶ ለደቂቃዎች የቆመ ኮከብ ሊመስል ይችላል። አቅጣጫውን ተመልከቱ። ጣቢያው ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወይም ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሻገራል፤ ወደ ምዕራብ የሚሄደው እሱ አይደለም። ድምፅም የለውም፤ ከ6 ደቂቃ በላይም እምብዛም አይቆይም። እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው የሚያልፉ ብዙ ነጥቦች ካያችሁ ደግሞ በቅርቡ የመጠቁ የስታርሊንክ ሳተላይቶች ናቸው። በ2019 እ.ኤ.አ. የመጠቀችውን የእኛዋን ሳተላይት ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ 1ን በዓይን አትፈልጉ፤ ክብደቷ 70 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው።

ችግር፦ የት ልይ?

ከተማችን በጣና ደቡባዊ ዳርቻ ስለሆነች ፊቱን ወደ ሐይቁ ያዞረ ሰው ሰሜንን ያያል፤ ግራው ምዕራብ፣ ቀኙ ምሥራቅ ነው። ከአድማስ ከፍታው 10 ወይም 15 ዲግሪ የተባለውን ተዉት፤ ዘንባባውና ፎቁ ይውጠዋል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫ ስትጨብጡ ጡጫችሁ 10 ዲግሪ ገደማ ይሸፍናል፤ ከአራት ጡጫ በላይ የሚወጣውን ምረጡ። ጨለማ ፍለጋ ዓባይ ከሐይቁ ወደሚወጣበት ዳርቻ በማታ አትሂዱ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ጣቢያው በደንብ ሲደምቅ ቬነስን ስለሚስተካከል የመንገድ መብራት ካለበት ግቢም ይታያል።

ችግር፦ ለቀናት ትንበያው ባዶ ነው

ጣቢያው በእኛ ላይ የሚያልፍበት ሰዓት በየቀኑ በአማካይ ከ20 ደቂቃ በላይ ወደ ፊት እየቀደመ ይሄዳል። ከምሽት ወደ ቀን ሲገባ ማንም አያየውም፤ ቆይቶ በንጋት ይመለሳል። እስከዚያው የቻይናን ቲያንጎንግ ጣቢያ ፈልጉ፤ ድምቀቱ ያንሳል እንጂ እሱም በዓይን ይታያል። ክረምት ላይ ከሆነ ግን ደመናው አንዱንም አያሳያችሁም፤ ጥቅምትን ጠብቁ።