ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጅማ ላይ ልጅ ጭንቅላቱን የሚመታበት ሰበብ አይጠፋም። ኳስ ሜዳ አለ፣ የአቮካዶ ዛፍ አለ፣ ባጃጅ አለ፣ ዝናብ ያረጠበው ኮብልስቶን አለ። የአንጎል መናወጥ የደረሰበት አብዛኛው ልጅ በአንድ ወር ውስጥ ይድናል። ችግሩ ላይ ላዩን ደህና መምሰሉ ነው። ፋሻ የለ፣ ጀሶ የለ። ስለዚህ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ይቸኩልበታል።

«ሲቲ ስካኑ ምንም አላሳየም» ብሎ ነገሩን መዝጋት። ሲቲ ስካን የሚፈልገው ደም መፍሰስንና የአጥንት ስብራትን ነው። መናወጥ ግን የአንጎል አሠራር ለጊዜው መዛባት ስለሆነ ምስሉ ላይ አይታይም። «ራሱን አልሳተም እኮ» የሚለውም ያው ነው። አብዛኞቹ ራሳቸውን አይስቱም።

ጨለማ ክፍል ውስጥ ማክረም። ይሄ ደግሞ የአዛኝ ወላጅ ስህተት ነው። የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ቀን ይረፍ፤ ስልክና ቴሌቪዥንም ይቀነስለት። ከዚያ በኋላ ግን ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ሰፈር ዞር ብሎ መምጣት ይጠቅመዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 አምስተርዳም ላይ የተሰበሰቡ የዘርፉ ባለሙያዎችም ሙሉ በሙሉ መተኛትን አልደገፉም። ለሳምንታት ተዘግቶበት የከረመ ልጅ እንቅልፉ ይዛባል፣ ይከፋዋል፣ ትምህርቱም ይቆለልበታል።

ሰኞ ጠዋት ሙሉ ቀን መላክ። ለኔ ዋናው ስህተት ይሄ ነው። እስቲ የልጁን ቀን አስቡት። ፀሐይ ላይ የሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ይቆማል። ቀጥሎ የተጨናነቀ ክፍል ይገባል። ሰሌዳውን ያያል፣ ደብተሩን ያያል፣ እንደገና ሰሌዳውን ያያል። ዓይኑ በተመላለሰ ቁጥር ራስ ምታቱ ይነሳል፣ የሚገለብጠው መስመርም ይጠፋዋል። በዚህ ላይ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህሩ ይጮሃል፣ ተማሪውም ይጮሃል። ድምፅ ለሚረብሸው ልጅ ይሄ ስቃይ ነው።

በሁለት ክፍለ ጊዜ ይጀምር። ከቻለው ይጨመርለታል። ማስታወሻውን ጓደኛው ይስጠው ወይም ከጓደኛው ደብተር ፎቶ ይነሳለት። ራሱን ሲያመው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ጥቂት ጋደም ይበል፣ ከዚያ ይመለስ። ትንሽ አሞት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከተወው አትደንግጡ፤ እየባሰ ከሄደ ግን ቅነሱለት። ፈተና ደርሶ ከሆነ እንዲዘገይለት ጠይቁ። ሚኒስትሪ የሚፈተን የ8ኛ ክፍል ልጅ ካላችሁ ደግሞ ከርእሰ መምህሩ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ለስም ጠሪ መምህሩ ብቻ ነግሮ መመለስ። ስም ጠሪው ያውቃል፣ የፊዚክስ መምህሩ አያውቅም። እሱ የሚያየው ጠረጴዛ ላይ የተደፋ ልጅ ነው፤ «ተነስ፣ ሰነፍ!» ይለዋል። የሐኪሙን ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ለሁሉም መምህራን እንዲደርስ አድርጉ።

በማስታገሻ እየደገፉ ማስተማር። የተመታ ሰሞን አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ ደም መፍሰስን ሊያባብሱ ይችላሉ። ፓራሲታሞል ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በየቀኑ ሲሆን ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። «ቡና ቢቀምስ ይነቃል» የሚሉም አሉ። በቡና አገር ይሄን መናገር ቢከብድም፣ ይህ ልጅ የሚፈልገው እንቅልፍ ነው።

«ትምህርት ከጀመረ ኳስም ይጫወት» ማለት። ሙሉ ቀን ያለ ምንም ምልክት ሳይማር ግጥሚያ አይገባም። ኳስም በደረጃ ነው፦ መራመድ፣ ቀላል ሩጫ፣ ከሰው ጋር ሳይጋጩ መለማመድ። በየደረጃው ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆያል፤ ግጭት ያለበት ጨዋታ የሚፈቀደው ሐኪም ካየው በኋላ ነው። ሳይድን ሁለተኛ ከተመታ አደጋው ከመጀመሪያው የከፋ ሊሆን ይችላል። በቴስታ መምታትም ለጊዜው ይቅር።

የመጨረሻው አደገኛ ምልክት እያዩ «እስኪነጋ» ማለት ነው። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንድ ጎኑ ከዛለ፣ ከተቀባዠረ፣ ለመንቃት ከከበደው ወይም ከአፍንጫና ከጆሮው ቀጭን ፈሳሽ ከወረደው በዚያው ሌሊት ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ድንገተኛ ክፍል ይወሰድ። ይህ ሁሉ ሳይኖር ራስ ምታቱ ወይም መርሳቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየም እንደገና ሐኪም ይየው።