ከልጆች ጋር ወደ ውጭ አገር ስትጓዙ፦ የበረራና የመጀመሪያ ሌሊት ማረፊያ ችግሮችና መፍትሄዎች

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ርካሹን ትኬት ቆርጦ ማደሪያውን ሲደርስ ቢፈልግ ብዙም አይጎዳም። የሦስት ዓመት ልጅ ግን እንቅልፍ እያናወዘው ሎቢ ውስጥ ስምንት ሰዓት አይቀመጥም። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚታዩት ኤርፖርት ወይም ሆቴል በር ላይ ቢሆንም የሚፈጠሩት ትኬቱ በተቆረጠ ቀን ነው። ስለዚህ ከዋጋው በፊት የምትደርሱበትን ሰዓት እዩ።

ጠዋት ደርሳችሁ ክፍሉ ገና አልተለቀቀም

ምክንያቱ፦ የሌሊት በረራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት (06:00) ላይ ያወርዳችኋል። አብዛኞቹ ሆቴሎች ክፍል የሚያስረክቡት ግን ከ14:00 ወይም ከ15:00 በኋላ ነው። ያደረው እንግዳ ወጥቶ ክፍሉ እስኪጸዳ ማንም ቁልፍ አይሰጣችሁም። «ቀደም ብለን እንድንገባ ይፈቀድልን» ብሎ መጻፍም ክፍል ከተገኘ ብቻ የሚሠራ ልመና ነው።

መፍትሄው፦ የቀደመውን ሌሊት ጨምራችሁ ያዙ። ለምሳሌ ከወሩ በ15ኛው ቀን ጠዋት የምትደርሱ ከሆነ ክፍሉ ከ14ኛው ቀን ማታ ጀምሮ የእናንተ ይሁን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ፤ በ14 ማታ ካልታያችሁ ሆቴሉ «አልመጡም» ብሎ ሙሉ ቡኪንጉን ሊሰርዘው ይችላል። ስለዚህ «ክፍሉን ከ14 ጀምሮ ከፍለናል፤ የምንደርሰው ግን በ15፣ 06:00 ላይ ስለሆነ እንዳትሰርዙት» ብላችሁ ከበረራ ቁጥሩ ጋር ጻፉላቸው፤ መልሳቸውንም ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የአንድ ሌሊት ትርፍ ክፍያ ከከበዳችሁ ከ15:00 እስከ 18:00 ባለው የሚያርፍ በረራ ፈልጉ። ልጆቹ ታጥበው፣ በልተው፣ በአገሩ ሰዓት ይተኛሉ። ጥቂት ጨምሮ ቢጠይቅ እንኳ እኛ ይህንን እንመርጣለን።

ሌሊት ደርሳችሁ «ቡኪንጋችሁ የነገ ነው» ተባላችሁ

ትኬቱ ላይ «15፣ 00:40» የሚል ካያችሁ ይህ በ14 ማታ የሚጀምረው ሌሊት ነው፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ40። ሰው ቀኑን ብቻ አይቶ ከ15 ጀምሮ ይይዝና ልጅ ታቅፎ ሪሴፕሽን ፊት ይቆማል። የምትይዙት የ14ን ሌሊት ነው።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ከሆነ ሪሴፕሽኑ 24 ሰዓት ክፍት መሆኑንም አረጋግጡ። አፓርታማ ከሆነ ቁልፉ በኮድ በሚከፈት ሳጥን ውስጥ ሊሆን ስለሚችል፣ ኮዱንና አድራሻውን በአገሩ ፊደል ጭምር ፎቶ አንስታችሁ ያዙ። በዚያ ሰዓት ስልካችሁ ኢንተርኔት ላይኖረው ይችላል። ከኤርፖርቱ ሁለት ሰዓት የሚያስነዳ ማረፊያም ለመጀመሪያው ሌሊት አይሆንም፤ እዚያው ኤርፖርት አጠገብ እደሩና ጠዋት ቀጥሉ።

«ይህ ክፍል ለሁለት ሰው ነው»

ስትይዙ ልጆቹን ሳትመዘግቡ «2 አዋቂ» ብቻ ብላችኋል። ዋጋው ቢቀንስም ክፍሉ የሚይዘው ሰው የተወሰነ ስለሆነ ሊከለክሏችሁ ወይም ተጨማሪ ሊያስከፍሏችሁ ይችላሉ። የእያንዳንዱን ልጅ ዕድሜ አስገቡ። የሕፃን አልጋም ሆቴሉ ያለው በቁጥር ነውና «ተዘጋጅቷል» የሚል የጽሑፍ መልስ ካላገኛችሁ እንደሌለ ቁጠሩት።

ቤተሰቡ አውሮፕላን ውስጥ ተበታተነ

አባት በአንድ ቡኪንግ ኮድ፣ እናትና ልጆች በሌላ ሲሆኑ ሲስተሙ ቤተሰብ መሆናችሁን አያውቅም። ወይም ትኬቱ መቀመጫ መምረጥን የማይጨምር ርካሽ ዓይነት ነው። ወይም አውሮፕላኑ ተቀይሮ የመረጣችሁት ጠፍቷል። ሁላችሁንም በአንድ ኮድ ቁረጡ፣ መቀመጫ ወዲያው ምረጡ፣ ከዚያ በሳምንቱና ኦንላይን ቼክ ኢን ሲከፈት እንደገና እዩት። ተለያይታችሁ ካገኛችሁት የአየር መንገዱን ቢሮ አነጋግሩ፤ በር ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ለሠራተኞቹም ከባድ ነው።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የሕፃን አልጋ ያለው ከፊታቸው ግድግዳ ባለ ረድፎች ላይ ብቻ ሲሆን ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ የክብደትና የቁመት ገደብም አለው። ትኬት እንደቆረጣችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ሁለት ጨቅላ ታቅፋችሁ ጎን ለጎን ልትቀመጡ ብትሉ ላይፈቀድላችሁ ይችላል፤ በየረድፉ ያለው ትርፍ የኦክስጅን ጭምብል ውስን ስለሆነ ነው።

ለመመለሻ መቀመጫ ክፈሉ ተባላችሁ

በጭን ታቅፎ የሚጓዘው ከ2 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነው፤ ዕድሜው የሚታየው በእያንዳንዱ በረራ ቀን ነው። ልደቱ ጉዞው መሃል ላይ ከዋለ ለመመለሻው የራሱ መቀመጫ ያስፈልገዋል። መጀመሪያውኑ ስትቆርጡ ተናገሩ።

ትራንዚት ላይ ቀጣዩ በረራ አመለጣችሁ

በሁለቱ በረራዎች መካከል አንድ ሰዓት ከሩብ ለአዋቂ ይበቃ ይሆናል። ከልጅ ጋር ግን ሽንት ቤት፣ ዳይፐር መቀየር፣ እንደገና ፍተሻ አለ፤ ጋሪውም አውሮፕላን በር ላይ ላይመለስላችሁና በቀጥታ መጨረሻው ከተማ ሊሄድ ይችላል። ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያዙ፣ ማዘያ እጃችሁ ላይ ይኑር። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ ይሁኑ። ለየብቻ ከተገዙ የመጀመሪያው ሲዘገይ ሁለተኛው አየር መንገድ ኃላፊነት የለበትም፤ ሻንጣ ወስዶ እንደገና ለማስረከብም ቪዛ ሊያስፈልግ ይችላል።

አውሮፕላኑ ሲወርድ ልጁ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል

ጆሮንና ጉሮሮን የሚያገናኘው ቱቦ በልጆች ጠባብ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ቶሎ አይመጣጠንም። የሚከፍተው መዋጥ ነው። መውረድ የሚጀምረው ከማረፉ 30 ደቂቃ ገደማ በፊት ስለሆነ የተኛውን ቀስቅሳችሁ ጡት፣ ጡጦ ወይም በትንሽ በትንሹ ውሃ ስጡት። ጡጦውን አስቀድሞ ጨርሶት እንዳይሆን ለዚህ ሰዓት ቆጥቡ። ጉንፋን ከያዘው ከጉዞው በፊት ሐኪም ይየው።

ካውንተር ላይ ወረቀት ጎደለ

ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ 6 ወር እንዲቀረው ይፈልጋሉ፤ የልጅ ፓስፖርት ደግሞ በብዙ ቦታ ከአዋቂው ቀድሞ ያበቃል። አንድ ወላጅ ብቻውን ከሄደ የልደት ሰርተፊኬትና የሌላኛውን ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይያዝ፤ ትራንዚት የሚያደርግበትንም አገር ሕግ ያንብብ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ነቅተው «ራበኝ»

ሰውነታቸው ገና በአገራቸው ሰዓት ላይ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ይፈልጋል። መብራቱን አደብዝዛችሁ ትንሽ አብሉና መልሳችሁ አስተኟቸው፤ ጠዋት ወደ ፀሐይ አውጧቸው። ምግብ ቤቱ በዚያ ሰዓት ዝግ ነው። ስለዚህ ትልልቆቹ ሻንጣዎች ሳይከፈቱ የምትደርሱበት አንድ ትንሽ ቦርሳ ለብቻ አዘጋጁ፦ ለእያንዳንዱ ልጅ የሌሊት ልብስ፣ አራት ዳይፐር፣ የተለመደው ብርድ ልብስ፣ ብስኩት፣ ለአንድ ጊዜ የሚሆን የዱቄት ወተት፣ የጥርስ ብሩሽና የትኩሳት መድኃኒት። ቦርሳው ከእጃችሁ አይለይ፤ ሻንጣ ቢዘገይም ሌሊቱን ያሳልፋችኋል።