የቋንቋ ማስተማሪያ ቴክኖሎጂ ጆርናሎችንና ማኅበራትን እንዴት እንጠቀምባቸው?

ቋንቋ የሚያስተምር ሰው በየሳምንቱ ስለ አዲስ አፕ ይነገረዋል። «ይሄን ከያዝክ ተማሪዎችህ በወር ይናገራሉ» ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን ቁጭ ብለው የፈተሹ ሰዎች አሉ፤ ያገኙትንም ጽፈውታል። የሚቸግረው ጽሑፉ የት እንዳለ፣ የቱ እንደሚታመንና ለየትኛው ማኅበር ገንዘብ ማውጣት እንደሚያዋጣ ማወቁ ነው።

መጀመሪያ ጥያቄ ያዙ። «ስለ ቴክኖሎጂ ማንበብ እፈልጋለሁ» ጥያቄ አይደለም። «ተማሪዎቼ ሲሰሙ ይገባቸዋል፣ ሲጠየቁ ግን አፋቸው ይያዛል፤ ቤታቸው ሆነው ድምፃቸውን በስልክ ቀድተው ቢልኩልኝ ይሻላቸው ይሆን?» ይሄ ጥያቄ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩት። ካልጻፋችሁት ስለ ሌላ ነገር ስታነቡ ታመሻላችሁ።

ቀጥሎ የመስኩን ስም እወቁ። በእንግሊዝኛ «ኮምፒውተር አሲስትድ ላንጉዌጅ ለርኒንግ» ይባላል፤ በኮምፒውተር የታገዘ የቋንቋ ትምህርት ማለት ነው። ሲያሳጥሩት «ኮል» (CALL) ይሉታል፤ በስልክ የሚካሄደውን ደግሞ «ሞል» (MALL)። «ኮል» ብላችሁ ብቻ ብትፈልጉ ግን ስለ ስልክ ጥሪ የተጻፈ ጉድ ይዘረገፍላችኋል። ሙሉ ስሙን ጻፉና ከጎኑ የራሳችሁን ጉዳይ ጨምሩ፦ መናገር፣ ማዳመጥ፣ የቃላት ትምህርት። ለጀማሪ ጉግል ስኮላር፣ የጉግል የጥናት ጽሑፎች መፈለጊያ፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ጆርናሎቹ፣ ማለትም ጥናቶቹ ወደሚወጡባቸው መጽሔቶች። እኔ ብሆን በነፃዎቹ እጀምራለሁ። «ላንጉዌጅ ለርኒንግ ኤንድ ቴክኖሎጂ» በ1997 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሲጀመርም በኢንተርኔት ብቻ የሚወጣ ነበር፤ አንባቢንም ጸሐፊንም አያስከፍልም። መቀመጫው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ነው። «ቴስል ኢጄ» ከ1994 ጀምሮ በነፃ ይነበባል፤ የእንግሊዝኛ መምህራን ብዙ ያገኙበታል። ከጃፓን የሚወጣው «ጃልት ኮል ጆርናል»ም ነፃ ነው። ሌሎቹ ታዋቂዎች ዩሮኮል የተባለው የአውሮፓ ማኅበር ጆርናል የሆነው «ሪኮል»፣ ከ1983 ጀምሮ ያለው «ካሊኮ ጆርናል» እና በ1990 የተጀመረው «ኮምፒውተር አሲስትድ ላንጉዌጅ ለርኒንግ» ናቸው። የመጨረሻው ስሙን ከመስኩ ጋር ስለሚጋራ ፍለጋ ላይ እንዳያምታታችሁ።

ክፍያ የሚጠይቅ ጽሑፍ ሲገጥማችሁ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ጉግል ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ሥር ሌሎች ቅጂዎችን የሚያሳይ መስመር አለ፤ እሱን ንኩት። ደራሲው በዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ በነፃ አስቀምጦት ሊሆን ይችላል። ካልሆነም ኢሜይል ጻፉለት። ሁለት መስመር በቂ ነው። ጽሑፉን የሚጠይቀው ሰው ሲያገኝ የሚከፋው ተመራማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ንባቡ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አህፅሮተ ጥናቱን፣ ማለትም መጀመሪያ ላይ ያለውን አጭር ማጠቃለያ፣ አንብቦ «ተረጋግጧል» ብሎ ይሄዳል። እናንተ ከአህፅሮቱ ቀጥታ ወደ ጥናቱ ዘዴ ዝለሉ። ስንት ተማሪ? ስንት ሳምንት? ከማን ጋር ተነጻጸሩ? አዲስ መሣሪያ በራሱ ለጥቂት ሳምንታት ያነቃቃል፤ ስድስት ሳምንት የፈጀ ጥናት የለካው ያንን ሆይ ሆይታ ሊሆን ይችላል።

«አሮጌ ነው» ብላችሁም አትለፉ። በ1996 ካሊኮ ጆርናል ላይ የወጣው የማርክ ዋርሻወር ጥናት ፊት ለፊት የሚደረግ ውይይትንና በኮምፒውተር እየተጻጻፉ የሚደረግ ውይይትን ያነጻጽራል። በጽሑፉ ውይይት ተሳትፎው ይበልጥ እኩል ሆኖ ተገኘ፤ ቋንቋውም ይበልጥ መደበኛና ውስብስብ ነበር። የያኔው ሶፍትዌር አርጅቷል። ዝምተኛው ተማሪ ግን አሁንም ክፍላችሁ ውስጥ ተቀምጧል። ደግሞ ተሳታፊዎቹ 16 ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ሐሳቡን ውሰዱ፣ ክፍላችሁ ውስጥ ሞክሩት፤ እንደ ሕግ ግን አትያዙት።

ከአጭበርባሪዎች ተጠንቀቁ። አንድ ጊዜ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ፕሮፌሰር አይደለሁም። ጽሑፌን በሦስት ቀን ገምግመው እንደሚያወጡልኝ፣ እኔ ክፍያውን ብቻ እንድልክ ይጠይቃል። ደስ ብሎኝ ልልክ ምንም አልቀረኝም ነበር! እውነተኛ ግምገማ ወራት ይወስዳል። ነፃ ጆርናል ከሆነ በ2003 በተጀመረው የነፃ ጆርናሎች ማውጫ፣ «ዶአጅ» በሚሉት፣ መመዝገቡን እዩ። ባለ ስምንት አሃዙ የአይኤስኤስኤን ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም፤ መለያ ቁጥር እንጂ የጥራት ማኅተም አይደለም። የተሻለው መፈተኛ ከታተሙት ሁለቱን አንብቦ መፍረድ ነው።

ወደ ማኅበራቱ ስንመጣ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ምን እንደምትፈልጉ ወስኑ። ምርምር ከሆነ የካሊኮ ጆርናል ባለቤት የሆነው ማኅበር ካሊኮና ዩሮኮል አሉ፤ ሁለቱም ዓመታዊ ጉባኤ ያካሂዳሉ። የቋንቋ ቤተ ሙከራና የመሣሪያ ጉዳይ የሚያሳስባችሁ ከሆነ በ1965 የተመሠረተው አያልት የተባለው ማኅበር ይቀርባችኋል። እንግሊዝኛ ለምታስተምሩ ደግሞ ቴሶልና አያቴፍል የተባሉት የእንግሊዝኛ መምህራን ማኅበራት በውስጣቸው የቴክኖሎጂ ቡድን አላቸው፤ ለክፍል መምህር ቶሎ የሚጠቅመው ይሄኛው ይመስለኛል። ወርልድኮል የሚባለው ጉባኤ በ1998 ሜልበርን ላይ ተጀምሮ በየአምስት ዓመቱ ይካሄዳል፤ ሩቅ ነው፣ ወጪውም ቀላል አይደለም፣ ለመጀመሪያ አልመክርም። መጀመሪያ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ዌቢናሮች (በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎች) ካሉ ግቡ፣ ጥያቄ ጠይቁ፣ ሰዎቹን እዩ። ደስ ካላችሁ የዋጋ ዝርዝሩን እስከ ታች አንብቡ፤ ለተማሪ ወይም ገቢው ዝቅ ላለ አገር ቅናሽ ያላቸው አሉ።

ራሳችሁ መጻፍ ካሰባችሁ በትልቁ በር አትግቡ። አንዳንድ ጆርናሎች የሶፍትዌርና የመጻሕፍት ግምገማ ይቀበላሉ፤ ካሊኮና ቴስል ኢጄ ከነዚህ ናቸው። ክፍላችሁ ውስጥ የተጠቀማችሁበትን መሣሪያ ምረጡ። ቀድማችሁ ለግምገማ ክፍሉ አርታኢ ጻፉና ሌላ ሰው እንዳልጀመረው ጠይቁ። አንዱን ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት ጆርናል መላክ ነውር ነው፤ ከታወቀ ሁለቱም ይጥሉታል። አስተካክሉ ተብሎ ሲመለስ አትደንግጡ፣ አልተጣለም ማለት ነው። አስተያየቶቹን በተራ ቁጥር ደርድሩ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉ። ያልተስማማችሁበት ካለም ምክንያቱን በጨዋ ቋንቋ አስረዱና አብራችሁ ላኩት።